የሙቀት ፓምፕ በድሬዳዋና በሐረር፦ ከመግዛትዎ በፊት ብቃቱን እንዴት ያሰላሉ?

ድሬዳዋ ላይ ተቀምጦ ስለ ማሞቂያ መጻፍ ለብዙ ሰው ቀልድ ይመስላል። በግንቦት እኩለ ቀን ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ የሚወርደው «ቀዝቃዛ» ውሃ ራሱ እጅ ያስነሳልና። ነገር ግን በየክፍሉ ቦይለር የሰቀለ የከዚራ ፔንሲዮን ባለቤት የመብራት ሂሳቡን ሲያይ፣ በየቀኑ አንሶላ የሚያጥብ ሆስፒታል ናፍጣ ሲያስቀዳ፣ ሐረር የሚኖር ቤተሰብ በታኅሣሥ ማለዳ ልጆቹን ለማጠብ ሲነሳ ቀልዱ ያበቃል። ይህ መመሪያ የሙቀት ፓምፕ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ነው፤ ሻጩ ከሚሰጠው ወረቀት ላይ ያለውን ቁጥር ሳይሆን መሣሪያው በእርስዎ ግቢ ውስጥ የሚኖረውን ብቃት በእርሳስና በቴርሞሜትር እንዴት እንደሚያገኙት ያሳያል።

ደረጃ 1፦ «ሲኦፒ» የተባለውን ቁጥር መረዳት

የሙቀት ፓምፕ የሚሠራው የፍሪጅን ሥራ ነው። ፍሪጅ ከምግቡ ሙቀት ወስዶ ከጀርባው ባለው ቧንቧ ወደ ወጥ ቤቱ ይለቀዋል፤ የሙቀት ፓምፕ ደግሞ ከውጭ አየር ሙቀት ወስዶ ለታንከሩ ውሃ ይሰጠዋል። በውስጡ የሚዞረው ጋዝ እጅግ ዝቅተኛ በሆነ ሙቀት የሚፈላ ነው። ለምሳሌ በመለያው አር 290 የሚባለው ፕሮፔን በባሕር ጠለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች 42 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ስለዚህ ጋቢ የሚያስደርበን የሐረር የሌሊት አየር እንኳ ለዚህ ጋዝ ምድጃ ነው። ጋዙ በኢቫፖሬተሩ፣ ማለትም የውጭ አየር በሚነካው ባለ ክንፍ ቧንቧ ውስጥ እየተነነ ሙቀት ይጠጣል፤ ኮምፕረሰሩ ሲጨምቀው ግፊቱም ሙቀቱም ያድጋል፤ ውሃውን በሚያሞቀው ቧንቧ፣ በኮንደንሰሩ ውስጥ ወደ ፈሳሽነት ሲመለስ ከአየር የጠጣውን ሙቀት ከኮምፕረሰሩ ሥራ ጋር ደምሮ ለውሃው ያስረክባል። ከዚያም በጠባብ ቫልቭ አልፎ ይቀዘቅዝና ዙሩን እንደገና ይጀምራል።

ወደ ውሃው የገባው ሙቀት ለተበላው ኤሌክትሪክ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር በመሣሪያው ወረቀት ላይ ሲኦፒ ተብሎ ይጻፋል። የተለመደው ቦይለር 1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ በልቶ 1 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ስለሚሰጥ ቁጥሩ 1 ነው፤ ከዚያ ሊያልፍም አይችልም። ሲኦፒው 3 የሆነ ፓምፕ ግን በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ 3 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስገባል፤ ሁለቱን ከአየር ወስዷቸዋል።

ይህ ቁጥር የመሣሪያው ቋሚ ባሕርይ እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሳዲ ካርኖ እ.ኤ.አ. በ1824 ባሳተመው ሥራ ማንኛውም የሙቀት ሞተር ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ወሰን የሚወሰነው በሙቁና በቀዝቃዛው ጫፍ ሙቀት ብቻ መሆኑን አሳይቷል። ለሙቀት ፓምፕ ቀመሩ እንዲህ ይሠራል፦ በሁለቱም ሙቀቶች ላይ 273 ይደምሩ፤ ከዚያም የሙቁን ጫፍ በሁለቱ ልዩነት ያካፍሉ። በገበያ ላይ ያሉ ትንንሽ መሣሪያዎች ከዚህ ወሰን ግማሽ ያህሉን፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ ዝቅ ብለው ያገኛሉ፤ እዚህ 45 በመቶ ብለን እንያዝ።

ውሃውን 55 ዲግሪ ለማድረስ ጋዙ በኮንደንሰሩ ውስጥ 60 ዲግሪ ገደማ መሆን አለበት። ከአየር ሙቀት ለመውሰድ ደግሞ በኢቫፖሬተሩ ውስጥ ከአየሩ 8 ዲግሪ ያህል መቀዝቀዝ አለበት። በድሬዳዋ አየሩ 32 ዲግሪ በሆነበት ከሰዓት በኋላ ጋዙ የሚተነው በ24 ዲግሪ ነው፤ ስለዚህ 333 ለ36 ሲካፈል 9.25 ይመጣል፣ 45 በመቶው 4.2 ገደማ ነው። አየሩ 11 ዲግሪ በሆነበት የሐረር ንጋት ጋዙ የሚተነው በ3 ዲግሪ ነው፤ 333 ለ57 ሲካፈል 5.8፣ 45 በመቶው 2.6 ነው። መሣሪያው ያው፣ ጋዙ ያው፣ ዋጋው ያው ሆኖ ብቃቱ ይህን ያህል ይለያያል። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት በ1 ዲግሪ ባጠበቡ ቁጥር ከ2 እስከ 3 በመቶ ኤሌክትሪክ ይተርፍዎታል። ቀጥሎ ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ርቀት ስለ ማጥበብ ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ደረጃ 2፦ የሚያስፈልግዎትን ሙቀት መለካት

አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ መጀመሪያ መሣሪያ ይመርጥና ፍላጎቱን በኋላ ያስባል። የሚያስፈልጉት ባለ 20 ሊትር ባልዲ፣ ሰዓትና የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ብቻ ናቸው። ሻወሩን ከፍተው ባልዲው በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ይመዝግቡ። ቀዝቃዛውን ውሃ ማለዳ አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይለኩ፤ ከጣሪያ ሮቶ የሚመጣ ከሆነ በሁለቱ መካከል የሚያዩት ልዩነት ሊያስገርምዎት ይችላል።

1 ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ 1.163 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ስለዚህ የሊትሩን ብዛት በዲግሪ ልዩነቱና በ1.163 አባዝተው ለ1,000 ሲያካፍሉ ፍላጎትዎን በኪሎዋት ሰዓት ያገኛሉ። በቀን 25 እንግዳ የሚያስተናግድ ፔንሲዮን እንውሰድ፤ አንዱ ሰው 40 ዲግሪ የሆነ 50 ሊትር ውሃ ይጠቀማል ብንል በቀን 1,250 ሊትር ይሆናል። ድሬዳዋ ላይ ቀዝቃዛው ውሃ 24 ዲግሪ ቢሆን ፍላጎቱ 23.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በታንከሩና በቧንቧው ለሚባክነው 15 በመቶ ሲጨመርበት 27 ገደማ ይደርሳል። ይኸው ፔንሲዮን ሐረር ላይ ቢሆንና ቀዝቃዛው ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን 32፣ ከብክነቱ ጋር 37 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል።

አሁን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ይታያል። ከዓመት ዓመት አማካዩን ወስደን ድሬዳዋ ላይ ሲኦፒው 3.8፣ ሐረር ላይ 3 ይሆናል ብንል፣ የድሬዳዋው ፓምፕ በቀን 7.1 ኪሎዋት ሰዓት ሲበላ የሐረሩ 12.3 ይበላል። ከቦይለር ጋር ሲነጻጸር ግን የድሬዳዋው ባለቤት በቀን 20 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲያተርፍ የሐረሩ ወደ 25 የሚጠጋ ያተርፋል። ብቃቱ ዝቅ ያለው መሣሪያ የበለጠ ገንዘብ አዳነ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ሐረር ላይ የሚሞቀው ውሃ ከዝቅተኛ ሙቀት ይነሣል፣ ሥራውም ይበዛል። ስለዚህ «የኔ ሲኦፒ ከጎረቤቴ ይበልጣል» ብሎ መኩራት መግዣውን አይመልስም።

ደረጃ 3፦ ፓምፑ ለእርስዎ የማይሆን ከሆነ አሁኑኑ መተው

አራትና አምስት ሰው ለሚኖርበት የድሬዳዋ መኖሪያ ቤት በእኔ ግምት የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ይቀድማል። ኮምፕረሰር የለውም፣ መብራት ሲጠፋ አይቆምም፣ ከተማውም ፀሐይ አይቸግረውም። የሙቀት ፓምፕ ትርጉም የሚያገኘው ፍላጎቱ ሲበዛና ጣሪያው ሲጠብ፣ ወይም በደመናማ ቀንም ሙቅ ውሃ መቅረት በማይገባው ሆቴል፣ ሆስፒታልና ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ሐረር ላይ ፍርዱ ይቀራረባል። እዚያ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ቤት ግን ከሁሉም አስቀድሞ በቂ ማጠራቀሚያ ያስፈልገዋል፤ ታንከሩ ባዶ ከሆነ ማንኛውም ማሞቂያ ጌጥ ነውና።

ክፍል ለማሞቅ ብቻ ከሆነ ሐሳብዎ አዲስ መሣሪያ ላያስፈልግዎት ይችላል። ብዙዎቹ የግድግዳ ኤሲዎች ዙራቸውን ገልብጠው ማሞቅም ይችላሉ፤ በሪሞቱ ላይ የፀሐይ ምልክት ያለው ቁልፍ ካለ ቤትዎ ውስጥ የሙቀት ፓምፕ አስቀድሞ ተሰቅሏል። ድሬዳዋ ውስጥ ያንን ቁልፍ የተጫነ ሰው እስካሁን አላገኘሁም፤ ሐረር ግን በጥር ምሽት ከኤሌክትሪክ ምድጃ እጅግ ባነሰ ፍጆታ መኝታ ቤት ያሞቃል።

ደረጃ 4፦ ሙቀቱ ከየት እንደሚወሰድና መቼ እንደሚወሰድ መወሰን

የመጀመሪያው ምርጫ ሰዓት ነው። ፓምፑን በሰዓት መቆጣጠሪያ ከቀኑ 6 እስከ 12 ሰዓት ብቻ እንዲሠራ ያድርጉት፤ ከተማው በርጫ ላይ በሚቀመጥበት በዚያ ሙቅ ሰዓት አየሩ ከንጋት ይልቅ ከ10 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ታንከሩ ሙቀቱን እስከ ማግስቱ ማለዳ ያቆየዋል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ የሚሠራ ፓምፕ ግን በቀኑ ውስጥ እጅግ ቀዝቃዛ ከሆነው አየር ሙቀት ለመጭመቅ ይታገላል።

ሁለተኛው ምርጫ ቦታ ነው። ሞቃት አየር ከሚተፋ ክፍል፣ ለምሳሌ ከልብስ ማጠቢያው ወይም ከጄኔሬተር ቤቱ ጎን የተቀመጠ ፓምፕ ሙቀቱን እየወሰደ ቦታውን ያቀዘቅዛል። ወጥ ቤት ውስጥ ማስገባትም ይቻላል፤ ሆኖም የዘይት ጭስ ክንፎቹን በጥቂት ወራት ስለሚደፍናቸው ማጣሪያውን በየሳምንቱ የሚያጥብ ሰው ከሌለ አልመክርም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምንጭ የድሬዳዋ ሆቴሎች በየቀኑ የሚጥሉት ነው። አንድ ባለ 12,000 ቢቲዩ (የኤሲ አቅም የሚለካበት አሃድ) ኤሲ ከክፍሉ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ሙቀት እየወሰደ፣ የኮምፕረሰሩን ሥራ ደምሮ 4.5 ኪሎዋት ያህል ወደ መንገዱ ይተፋል። ይህ በ6 ሰዓት ውስጥ 27 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፤ ከላይ ያሰላነው የመላው ፔንሲዮን የቀን ፍላጎት ማለት ነው። በአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ኤሲዎቹ ሙቀት እየተፉ ሥሩ ባሉት መታጠቢያ ቤቶች ቦይለሮች ሲያፏጩ ማየት ያናድዳል። ይህን ለማስቀረት ግን በአንድ ጊዜ ማቀዝቀዝና ውሃ ማሞቅ እንዲችል ሆኖ የተሠራ መሣሪያ ይጠይቁ። የተራ ኤሲን ቧንቧ ቆርጦ በታንከር ውስጥ ለማሳለፍ ቃል የሚገባ ባለሙያ ቢመጣ ያሰናብቱት፤ ግፊቱም የዘይቱ መመለሻም ለዚያ አልተሰላም።

ከፍታውንም ይቁጠሩ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ደግሞ ከ1,800 ሜትር በላይ ላይ ናቸው። በሐረር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ የፓምፑ ቬንትሌተር (ማራገቢያ) በአንድ ዙር የሚያቀርበው ሙቀት ይቀንሳል። ሰፋ ያለ ኢቫፖሬተር ያለውን ሞዴል መምረጥ ጉድለቱን ይሸፍናል።

ደረጃ 5፦ መጠኑን መወሰንና የሻጩን ወረቀት ማንበብ

ለዚያ ፔንሲዮን 27 ኪሎዋት ሰዓት በ6 ሰዓት ውስጥ ለማስገባት 4.5 ኪሎዋት የሙቀት አቅም ያለው ፓምፕ ይበቃል። ሲኦፒው 3.8 ከሆነ ከመስመሩ የሚስበው 1.2 ኪሎዋት፣ በ220 ቮልት 5.4 አምፔር ያህል ነው። በ15 ክፍሎች የተሰቀሉ ባለ 1.5 ኪሎዋት ቦይለሮች በአንድ ማለዳ ቢበሩ ግን 22.5 ኪሎዋት ይስባሉ፤ ብሬከሩ ለምን እንደሚወርድ አሁን ግልጽ ነው። ጄኔሬተር ላለው ሰው ይህ ልዩነት ከመብራት ሂሳቡም በላይ ሊመዝን ይችላል። የቀኑን ሙቀት በሙሉ በ55 ዲግሪ ለማጠራቀም 750 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል፤ ባለ 800 ሊትር ታንከር ቢያዝ ይመረጣል። ትንሽ ፓምፕና ትልቅ ታንከር ሁልጊዜ ከትልቅ ፓምፕና ከትንሽ ታንከር ይሻላሉ።

በወረቀቱ ላይ «ሲኦፒ 4.2» ተብሎ ሲጻፍ በየትኛው የአየርና የውሃ ሙቀት እንደተለካ ይጠይቁ። የተለመደው መለኪያ አየር 20 ዲግሪ፣ ውሃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ነው። ውሃን እስከ 35 ዲግሪ ብቻ በማሞቅ የተለካ ቁጥር ለወለል ማሞቂያ እንጂ ለሻወር አይናገርም። ሙቀቱ ያልተጻፈበት ሲኦፒ እንደሌለ ይቁጠሩት።

ጋዙንም ይመልከቱ። አር 134ኤ እና አር 410ኤ የከባቢ አየር ሙቀትን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ የሚያባብሱ ሲሆኑ ዓለም ከእነርሱ እየራቀ ነው። አር 290 በዚህ ረገድ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ስለሆነ መሣሪያው ከቤት ውጭ፣ ከምድጃና ከጉድጓድ ርቆ መቀመጥ አለበት።

ደረጃ 6፦ ሲተከል ልብ የሚባሉ ነገሮች

የድሬዳዋ ውሃ ኖራ እንደሚበዛበት ማንቆርቆሪያውን ገልብጦ ያየ ሁሉ ያውቃል። ኖራ ሙቀትን ከመዳብ በመቶዎች እጥፍ ባነሰ መጠን ስለሚያስተላልፍ፣ በኮንደንሰሩ ቧንቧ ላይ የሚጋገረው ስስ ሽፋን ጋዙ የበለጠ እንዲሞቅ ያስገድደዋል፤ ይህም ያንን ልናጠበው የተነሣንለትን ርቀት መልሶ ያሰፋዋል። ኖራ በሙቅ ውሃ ውስጥ በይበልጥ ስለሚጋገር የታንከሩን ሙቀት ከ55 በላይ ሁልጊዜ አያቆዩት። በሳምንት አንድ ጊዜ ግን 60 ዲግሪ ያድርሱት፤ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚራባውን የሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ለመግደል ነው። ኮንደንሰሩ ለእጥበት የሚከፈት ወይም በታንከሩ ውጫዊ ግድግዳ ላይ የተጠመጠመ እንዲሆን ይምረጡ። እጥበቱ በሲትሪክ አሲድ ይሆናል፤ ለትንንሽ የመሣሪያው ክፍሎች አቼቶ ይበቃል።

ፓምፑን ጥላ ይስጡት፣ ነገር ግን በግድግዳ አይክበቡት፤ የተፋውን ቀዝቃዛ አየር መልሶ ከሳበ ብቃቱን ራሱ ይበላዋል። ከኢቫፖሬተሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ወደ አትክልት ይምሩት። ሙቅ ውሃ ቧንቧዎችን በሙሉ በስፖንጅ መሸፈኛ ያልብሱ። ቮልቴጅ ሲዋዥቅ የሚያጠፋና መብራት ከተመለሰ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳ መከላከያ ያስገቡ፤ ኮምፕረሰር የሚቃጠለው ብዙ ጊዜ ግፊቱ ሳይረጋጋ እንደገና ለመነሣት ሲሞክር ነው።

ደረጃ 7፦ ለፋብሪካ

ፋብሪካ ላይ ፓምፕ ከማሰብ በፊት ሁለት ዝርዝሮች ይጻፉ፦ በአንዱ መሞቅ ያለባቸውን ፈሳሾች፣ በሌላው መቀዝቀዝ ያለባቸውን ወይም ሙቅ ሆነው የሚጣሉትን፣ እያንዳንዱን ከመነሻና ከመድረሻ ሙቀቱ ጋር። ከጨርቅ ማቅለሚያ በ70 ዲግሪ የሚፈስ ውሃ ካለና ንጹሕ ውሃ በ25 ዲግሪ የሚገባ ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ኮምፕረሰር የሌለው የሙቀት መለዋወጫ ነው። ፓምፑ የሚመጣው በመለዋወጫ ሊሸፈን ላልቻለው ቀሪ ብቻ ነው።

ከዚያ ምንጩን ያወዳድሩ። የማቀዝቀዣ ክፍል ያለው ፋብሪካ 65 ዲግሪ ውሃ ይፈልጋል እንበል፤ ጋዙ በኮንደንሰሩ ውስጥ 70 ዲግሪ መሆን አለበት። ትልልቅ መሣሪያዎች የካርኖን ወሰን ግማሽ ያገኛሉ ብለን፣ ሙቀቱን በቀጥታ ከማቀዝቀዣው በ0 ዲግሪ ብንወስድ 343 ለ70 ሲካፈል 4.9፣ ግማሹ 2.5 ገደማ ነው። ነባሩ ማቀዝቀዣ ወደ ውጭ ከሚጥለው 35 ዲግሪ ውሃ ላይ ብንወስድና ጋዙ በ30 ዲግሪ ቢተን ግን 343 ለ40 ሲካፈል 8.6፣ ግማሹ 4.3 ይሆናል። የመጀመሪያው መንገድ በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሁለቱንም ሥራ ስለሚሠራ 2.5 ሙቀትና 1.5 ቅዝቃዜ ተደምሮ 4 ይሰጣል፤ ስለዚህ አዲስ ማቀዝቀዣ ሊገዛ ላለ ሰው የመጀመሪያው፣ ነባሩ በጤና ላለው ሰው ሁለተኛው ይስማማል።

ከናፍጣ ጋር ለማወዳደር 1 ሊትር ናፍጣ 10 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ እንደሚይዝና ብቃቱ 80 በመቶ የሆነ የናፍጣ ቦይለር ከዚያ 8 ብቻ እንደሚያደርስ ይውሰዱ። ያንኑ 8 ኪሎዋት ሰዓት ለማድረስ ሲኦፒው 2.5 የሆነ ፓምፕ 3.2፣ 4.3 የሆነው ደግሞ 1.9 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይበላል። የዛሬን የሊትር ዋጋና በፋብሪካው ታሪፍ የ3.2 ኪሎዋት ሰዓት ዋጋን ጎን ለጎን ይጻፉ፤ መልሱ በአንድ መስመር ያልቃል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከግድብ ስለሚመነጭ ጭሱም አብሮ ይቀራል።

በ8 ባር ግፊት 175 ዲግሪ ገደማ የሚሆን እንፋሎት የግድ ከሆነ ግን ተራ ፓምፕ አይደርስበትም። በገበያ ላይ በስፋት ያሉት የኢንዱስትሪ ፓምፖች እስከ 90 ዲግሪ ገደማ ያሞቃሉ፤ ከዚያ በላይ የሚሄዱ ቢኖሩም ዋጋቸውና ጥገናቸው ሌላ ነገር ነው። ውሃ የሚያተን ፋብሪካ የራሱን እንፋሎት ጨምቆ መልሶ ሊጠቀም ይችላል፤ ኦስትሪያዊው ፒተር ፎን ሪቲንገር እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ በኤበንዜ የጨው ፋብሪካ የሠራው የመጀመሪያው የሙቀት ፓምፕ ያንኑ ነበር የሚያደርገው።

ደረጃ 8፦ ከተተከለ በኋላ ራስዎ መለካት

ለፓምፑ ብቻ ትንሽ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ያስገጥሙ፤ ያለ እርሱ ብቃትን መከታተል በስሜት መመራት ነው። ውሃ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ታንከሩን በቀዝቃዛ ውሃ ይሙሉ፣ ሙቀቱንና የቆጣሪውን ንባብ ይመዝግቡ፣ ፓምፑ ሥራውን ጨርሶ ሲቆም ደግመው ይመዝግቡ። በታንከር ውስጥ ሙቁ ውሃ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ከላይም ከታችም ለክተው አማካዩን ይውሰዱ። 300 ሊትር ከ24 ወደ 55 ዲግሪ ሲሞቅ 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይገባበታል፤ ቆጣሪው 3 ከቆጠረ የእርስዎ ሲኦፒ 3.6 ነው። የአየሩን ሙቀትም አብረው ይጻፉ፤ የግንቦትን ልኬት ከጥር ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

ልኬቱን በየሦስት ወሩ፣ በተቀራራቢ አየር ይድገሙት። ቁጥሩ ቢወርድ መጀመሪያ የኢቫፖሬተሩን ክንፎች ይመልከቱ፤ የድሬዳዋ አቧራ ከኖራውም ይቀድማል፣ በውሃና በለስላሳ ብሩሽ ይጸዳል። ክንፎቹ ንጹሕ ሆነው ፓምፑ ረጅም ሰዓት ከሠራ በኋላም ውሃው ከቀድሞው ሙቀት ካልደረሰ ኮንደንሰሩን ከኖራ ያሳጥቡ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ብቻ ወደ ጋዙ ይሂዱ፤ ጋዝ በአጠቃቀም አያልቅም፣ ጎድሎ ከተገኘ የሚያፈስበት ቦታ አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ጋዝ ልሙላልህ» የሚል ባለሙያ ሲመጣ ቀዳዳውን አግኝቶ ሳይዘጋ ሲሊንደሩን እንዳይከፍት ይንገሩት።